«ፎርማት ይደረግ» ጥገና አይደለም!

ዛሬ ትልቅ አጀንዳ ይዘን አልመጣንም። የምናወራው ስለ ስክሪን ሴቨር ነው። አዎ፣ ስለዚያችው ኮምፒውተር ሥራ ሲፈታ ብቅ ስለምትለዋ ነገር። «ሌላ የሚጻፍ ጠፍቶ ነው?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡን። ነገሩ ከስክሪን አልፎ ሰው ላይ እየደረሰ ነውና።

በየቢሮው «የኔ ኮምፒውተር ስክሪን ሴቨሩ አልመጣ አለኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። 10 ደቂቃ ተብሎ ተሞልቷል። 10 ደቂቃ ያልፋል፣ 20 ያልፋል፣ ምሳ ተበልቶ ቡና ተጠጥቶ ይመጣል፣ ስክሪኑ ፍጥጥ እንዳለ ነው። ባለሙያ ይጠራል። ባለሙያው ይመጣል፣ ወንበር እንኳ ሳይስብ ጎንበስ ብሎ ሁለት ሦስቴ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል፣ ከዚያ ቀና ብሎ ፍርዱን ይሰጣል፦ «እህቴ፣ ይሄ ፎርማት ነው የሚፈልገው።» አለቀ። ይግባኝ የለም። ፋይሎቻችሁን በፍላሽ ገልብጣችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ኮምፒውተሩ ታጥቦ ይመለሳል፣ ሒሳብ ይከፈላል። በሳምንቱ ስክሪን ሴቨሩ አሁንም አይመጣም።

እኛ ደግሞ እንላለን፦ ፎርማት አይፈልግም! የሚፈልገው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «ይሄን ኮምፒውተር እንዳያርፍ የሚቀሰቅሰው ማነው?» ብሎ እንዲጠይቅለት ነው። ይሄ ጥያቄ ሳይጠየቅ የሚደረግ ፎርማት ጥገና ሳይሆን ማስረጃ ማጥፋት ነው። ጠንከር ያለ ቃል ተጠቀምን መሰለን፤ ይሁን፣ አናነሳውም።

በመጀመሪያ ግን «ስክሪን ሴቨር እኮ ጊዜው ያለፈበት ነው» ለሚሉን አዋቂዎች መልስ እንስጥ። ግማሹ እውነት ነው። ስሙን ያገኘው በእርግጥም ስክሪን ያድን ስለነበር ነው። ያ ጀርባው የተነፋው የድሮ ስክሪን የሚያበራው ከመስታወቱ በስተውስጥ የተቀባው ፎስፈር የሚባል ነገር በኤሌክትሮን ጨረር እየተመታ ነው። አንድ ዓይነት ምስል ቀኑን ሙሉ ከቆመበት፣ ሁሌ የሚመታው ቦታ ከሌላው ቀድሞ ይደክምና ምስሉ እንደ ጠባሳ ይቀራል። ስክሪኑ ጠፍቶ እንኳ ጽሑፉ ይታያል። ጆን ሶቻ የተባለ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1983 ሶፍቶክ በተባለ መጽሔት ላይ ያወጣት ትንሽ ፕሮግራም ለዚህ የተዘጋጀች ነበረች። ሦስት ደቂቃ ማንም ካልነካው ስክሪኑን ጥቁር ታደርገዋለች፣ ሌላ ሥራ የላትም። በኋላ ነገሩ መዝናኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1989 አፍተር ዳርክ የሚባል ፕሮግራም መጣና ክንፍ ያበቀሉ የዳቦ መጥበሻዎች በስክሪን ላይ መብረር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ሴቲ አት ሆም የሚባለው ፕሮጀክት የተመዝጋቢዎቹ ኮምፒውተር ሥራ በፈታ ቁጥር ከህዋ የመጣ የሬዲዮ ምልክት እንዲመረምር በስክሪን ሴቨር መልክ ሥራ ሰጠው። (ለተሳታፊዎቹ ሥራ ማከፋፈሉን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። እስከዚያ ማንም ከህዋ «አቤት» አላለም።) ታላላቆቻችን ኮምፒውተር በተማሩበት በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ደግሞ የማሠልጠኛው ስክሪን ሁሉ የሚገጣጠም ቱቦ፣ ወይም የባለቤቱ ስም እየተሽከረከረ የሚያልፍበት ነበር። አንዳንዱም የፍቅረኛውን ስም ጽፎ ክፍሉን በሙሉ ያሳይ ነበር አሉ።

የዛሬው ጠፍጣፋ ስክሪን እንደዚያ አይቃጠልም። (ኦኤልኢዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ግን ጠባሳ የመያዝ አመል ስላለው፣ ታሪክ ራሱን እየደገመ ነው ማለት ይቻላል።) ኤሌክትሪክ ለመቆጠብም ቢሆን ስክሪኑን ማጥፋት እንጂ የሚሽከረከር ሥዕል ማሳየት አይጠቅምም። ይሄን ሁሉ እናምናለን። ዊንዶውስ ራሱ ዛሬ አዲስ ሲጫን ስክሪን ሴቨሩ «ኖን» ላይ፣ ማለትም ምንም ላይ ነው የሚቀመጠው።

ነገር ግን አዋቂዎቹ የረሷት አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ስክሪን ሴቨር በሚሞላበት መስኮት ላይ፣ ደቂቃው ከሚጻፍበት ጎን፣ «ኦን ሪዙም፣ ዲስፕሌይ ሎጎን ስክሪን» የምትል ራይት የሚደረግባት ሳጥን። ትርጉሟ «ሰው ተመልሶ ሲነካኝ ፓስወርድ ልጠይቀው» ማለት ነው። ዛሬ በብዙ ቢሮ ስክሪን ሴቨር ያለው ሥራ ይሄው ነው። ስክሪን ማዳኑ ቀርቶ በር መዝጋት ሆኗል። ስለዚህ ስክሪን ሴቨሩ አልመጣም ማለት በሩ አልተዘጋም ማለት ነው። ባለሙያውም፣ አለቃውም፣ ባለኮምፒውተሩም የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። የጠፋው ሥዕል ይመስላቸዋል፤ የጠፋው መቆለፊያው ነው።

ምን ይመጣል ካላችሁ፣ ያየነውን እንንገራችሁ። ከመካከላችን ሁለታችን በአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ፊት ለፊት ወረፋ ይዘን ነበር። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ተነስታ ወጣች። ስክሪኑ ወደ ወረፈኛው ዞሮ የተቀመጠ ነው። ከእኛ በፊት የገባችው ልጅ ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ ቁጥርና የታዘዘላት ምርመራ በትልቁ ተዘርግቷል። ልጅቷ ደግሞ ሩቅ አልሄደችም፣ እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ውጤት ትጠብቃለች! ወረፈኛው ስክሪኑን ያነባል፣ ዞር ብሎ ልጅቷን ያያል፣ መልሶ ስክሪኑን ያነባል። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ስልኳን ትነካካለች። ይሄ 20 ደቂቃ ያህል ቆየ። ሠራተኛዋ ስትመለስ በትህትና ጠየቅናት። አልተቆጣችም፣ ይልቁንም ከልቧ አዘነች። «ውይ በእናታችሁ! ድሮ እኮ በራሱ ይዘጋ ነበር። ስክሪን ሴቨሩ ተበላሽቶ ነው። ልጁ መጥቶ ሁለቴ ፎርማት አደረገው፣ ያው ነው፤ አሁን ተውኩት» አለችን።

«አሁን ተውኩት» የሚለውን ልብ በሉልን። ፎርማቱ ችግሩን አለመፍታቱ ብቻ አይደለም፤ ችግሩ የማይፈታ ነው ብላ እንድታምን አድርጓታል። ትልቁ ፎርማት እንኳ ካላዳነው ሌላ ምን ያድነዋል? ብላ ነው የተወችው። ቴክኒሻኑ ያወደመው ፋይል ሳይሆን ተስፋዋን ነው።

ሌላም አለ። የምናውቃት ልጅ ቴሌግራሟ በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ክፍት እንደሆነ ወደ ስብሰባ ገባች። በዚህ ከተማ የቢሮ ሥራ ግማሹ በቴሌግራም ስለሚሠራ ክፍት መሆኑ አያስገርምም። ስክሪኑ በ5 ደቂቃ መቆለፍ ነበረበት፣ አልቆለፈም። ወንድ ባልደረቦቿ ከበው አነበቡ። ከእጮኛዋ ጋር የተጻጻፈችውን ፎቶ አንስተው ተቀባበሉት። ስትመለስ ሳቁ። «ቀልድ ነው፣ አንቺ ደግሞ!» አሏት። አለቃዋ ዘንድ ስትሄድ ደግሞ «ልጄ፣ አንቺም ዘግተሽ መውጣት ነበረብሽ» ተባለች። እኛ እዚህ ላይ ነው ደማችን የሚፈላው። ጥፋቱ ያነበቡት ሰዎች ነው፣ ምንም ጥርጥር የለውም። ግን ደግሞ ልጅቷ ከዚያ በፊት ለሦስት ወር «ኮምፒውተሬ አይቆለፍም» እያለች ለአይቲ ክፍሉ ስትነግር ነበር። የተሰጣት መልስ ምን ይመስላችኋል? «ፋይልሽን ገልብጪ፣ ፎርማት እናደርግልሻለን።»

ለነገሩ ይሄ ፎርማት የሚባል በሽታ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። ድሮ ምክንያት ነበረው። ፍላሽ ከአንዱ ኢንተርኔት ካፌ ወደ ሌላው ቫይረስ ተሸክሞ በሚዞርበት ዘመን፣ ፎልደሩ ሁሉ ወደ ሾርትካት በሚለወጥበት ዘመን፣ ዊንዶውሱ ራሱ ከመንገድ ላይ በተገዛ ሲዲ በሚጫንበት ዘመን፣ አንቲቫይረሱ ከተጫነ ጀምሮ ኢንተርኔት አይቶ አፕዴት በማያደርግበት ዘመን፣ አጥቦ እንደገና መጫን ፈጣኑና እርግጠኛው መንገድ ነበር። ያኔ ለሠሩት ወንድሞቻችን ክብር ይስጥልን። ችግሩ ያ የአደጋ ጊዜ መላ ሙያ ሆኖ መቅረቱ ነው። ፕሪንተር አልሠራም? ፎርማት። ድምፅ ጠፋ? ፎርማት። ስክሪን ሴቨር አልመጣ አለ? ፎርማት። ለራስ ምታትም፣ ለጨጓራም፣ ለተሰበረ እግርም አንድ ዓይነት መርፌ የሚወጋ ሐኪም ብታዩ ትሸሹ ነበር አይደል?

ጉዳቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ አንዲት አልመጣም ያለች ሥዕል ለማምጣት ተብሎ ስንት ነገር ይጠፋል! ዴስክቶፕ ላይ ያለው ተገለበጠ፣ «ማይ ዶክመንትስ» ተረሳ። የፒችትሪው ሒሳብ የተቀመጠበት ፎልደር ተረሳ። የመመረቂያ ጽሑፍ ሦስተኛ ምዕራፍ ተረሳ። ፓወር ግዕዝ እንደገና ይጫናል፣ የፕሪንተሩ ድራይቨር ይፈለጋል፣ ፓስወርዶች ሁሉ እንደ አዲስ ይጠየቃሉ። ከሁሉም የሚያናድደው ግን ሌላ ነው። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ሃርድ ዲስኩ ውስጥ አይደለም! ጠረጴዛው ላይ ነው።

ጠረጴዛው ስንል ምሳሌ መስጠታችን አይደለም፣ እውነተኛ ጠረጴዛ ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ የጸሐፊዋ ኮምፒውተር በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ፎርማት ተደርጓል፣ ስክሪን ሴቨሩ ግን አንድም ቀን አልመጣም። ጠረጴዛዋ ላዩ መስታወት የለበሰ፣ ከሥሩ የልጆቿ ፎቶ የተደረደረበት የታወቀው ዓይነት ነው። ማውሱ በብርሃን የሚሠራው ዓይነት ነው። የዚህ ማውስ ዓይን ከሥሩ ያለውን ገጽ በተከታታይ ፎቶ እያነሳ በፎቶዎቹ መካከል ያለውን ልዩነት እንቅስቃሴ ብሎ ይቆጥራል። መስታወትና አንጸባራቂ ነገር ላይ ሲቀመጥ ግራ ይጋባል። ማንም ሳይነካው ቀስቷ ለዓይን በማትታይ መጠን ትንቀጠቀጣለች። ኮምፒውተሩ ደግሞ «ባለቤቴ እዚሁ ነች» ብሎ ያምንና የሥራ ፈት ሰዓቱን ከዜሮ ይጀምራል። እንደገና፣ እንደገና፣ እንደገና። አንድ ለልምምድ የመጣ ተማሪ ወረቀት አጥፎ ከማውሱ ሥር አስገባ። በ10ኛው ደቂቃ ስክሪን ሴቨሩ መጣ። ሦስት ፎርማት ያላዳነውን አንድ ቅጠል ወረቀት አዳነው!

እንግዲህ «ታዲያ ምን እናድርግ?» ካላችሁ፣ ሲጠየቅ የኖረው «እንዴት ይጠፋ?» ነው፤ እኛ የምንለው «ምን ይነግረናል?» ብላችሁ ጀምሩ ነው። ወደ ሴቲንግስ ግቡ፣ ፐርሶናላይዜሽን፣ ከዚያ ሎክ ስክሪን፣ ወደ ታች ወርዳችሁ ስክሪን ሴቨር። መጀመሪያ የተመረጠ ነገር መኖሩን እዩ። «ኖን» ከሆነ ተበላሽቶ ሳይሆን አልታዘዘም። ከተመረጠ ደግሞ «ፕሪቪው» የምትለውን ተጫኑና እጃችሁን አንሱ። ይቺ አንዲት ጠቅታ ግማሹን ጭቅጭቅ ትፈታለች። በፕሪቪው የሚመጣ ከሆነ ስክሪን ሴቨሩ ጤነኛ ነው፣ የተበላሸ ፋይል የለም፣ የሚጫን አዲስ ነገር የለም። የጎደለው ኮምፒውተሩ «ሥራ ፈትቻለሁ» ብሎ ማመኑ ብቻ ነው። በፕሪቪው መጥቶ ወዲያው ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነም ማውሱን ጠርጥሩ። ፎርማት የሚያደርገው ባለሙያ ይቺን ጠቅታ ሲጫን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አላየንም።

ቀጥሎ መጠበቂያውን ለሙከራ 1 ደቂቃ አድርጉት። በየሙከራው 10 ደቂቃ መገተር ሰውን ያሰለቻል፣ የሰለቸ ሰው ደግሞ ፎርማት ያምረዋል። ከዚያ ማውሱን ንቀሉት። ገመድ አልባ ከሆነ መቀበያዋን ንቀሉ። መገልበጥ ብቻውን አይበቃም፣ ተገልብጦም ብርሃን ሊያይ ይችላል። 1 ደቂቃ አልፎ ስክሪን ሴቨሩ ከመጣ ጥፋተኛው ተያዘ። ካልመጣ ሌላ በዩኤስቢ የተሰካውን በተራ ንቀሉ። እዚህ ላይ የምንጠረጥረው አንድ ልዩ ዕቃ አለ፦ ጆይስቲክ! ከምሳ በኋላ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ሰክተውት የረሱት ጆይስቲክ ዱላው መሀል ላይ በደንብ ካልቆመ ኮምፒውተሩን ቀኑን ሙሉ ሊቀሰቅሰው ይችላል። (ስም አንጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።)

ዕቃው ንጹሕ ከሆነ ወደ ፕሮግራሞች እንሂድ። ቪዲዮ የሚያሳይ ፕሮግራም ፊልሙ መሀል ስክሪኑ እንዳይጠፋ ዊንዶውስን ይለምናል፣ ትክክልም ነው። ቪኤልሲ ለምሳሌ ስክሪን ሴቨርን የሚከለክል የራሱ ምርጫ አለው። ብሮውዘሩም ዩቲዩብ ሲከፈት እንዲሁ ያደርጋል። ችግር የሚመጣው ልመናው ሳይነሳ ሲቀር ነው፤ ከኋላ የተረሳ ታብ፣ ድምፁ ተዘግቶ የሚዞር መዝሙር፣ ያልተዘጋ የስብሰባ መስኮት። ደስ የሚለው ግን ዊንዶውስ ለማኞቹን መዝግቦ መያዙ ነው። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተርነት ክፈቱና «ፓወርሲኤፍጂ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል፣ «ፓወር» ሙሉውን፣ ከዚያ ሳትለዩ «ሲ»፣ «ኤፍ»፣ «ጂ» የሚሉትን ሦስት ፊደሎች፣ ከዚያ ክፍተት፣ ወደ ቀኝ ያዘመመች ጭረት፣ ከዚያ «ሪኩዌስትስ» ብላችሁ በብዙ ቁጥር ጻፉና ኢንተር በሉ። ዝርዝር ይመጣል። «ዲስፕሌይ» ከሚለው ሥር የፕሮግራም ስም ካለ፣ ስክሪኑ እንዳይጠፋ የጠየቀው እሱ ነው፤ ስሙ በግልጽ ተጽፏል። «ሲስተም» ከሚለው ሥር ያለው ደግሞ ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ የጠየቀ እንጂ ስክሪኑን የያዘ አይደለምና አታደባልቋቸው። ይሄን ለማድረግ 1 ደቂቃ አይፈጅም። ነጻ ነው። ፋይል አያጠፋም። የጥፋተኛውን ስም በጽሑፍ የሚሰጥ ማሽን ፊት ቆሞ «ፎርማት ይደረግ» ማለት ምን ይባላል?

እሱም ባዶ ከሆነ ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ዝጉና ሪስታርት አድርጉ። ከመጣ፣ ግማሾቹን መልሱ፤ እንደገና ሞክሩ፤ የቀሩትን ለሁለት ክፈሉ። 16 ፕሮግራም ቢኖር በአራት ሙከራ አንዱ ላይ ትደርሳላችሁ። ሰዓቱንም አትርሱ። ስክሪኑ በ5 ደቂቃ እንዲጠፋ ከታዘዘ፣ ስክሪን ሴቨሩ ደግሞ በ10 ደቂቃ እንዲመጣ ከተባለ፣ ሥዕሉ ቢመጣም በጨለማ ነው የሚመጣውና አታዩትም። ያኔ የተበላሸ ነገር የለም፤ ሲነቃ ፓስወርድ መጠየቁን ብቻ አረጋግጡ። መሙያው ደብዝዞ አልነካ ካላችሁ ደግሞ መሥሪያ ቤታችሁ ከማዕከል ቆልፎታል ማለት ነው፤ የአይቲ ክፍሉን እንጂ ኮምፒውተሩን አትታገሉት።

አሁን አንድ የማይወደድ ነገር እንናገር። አንዳንድ ኮምፒውተር የማያርፈው ሆን ተብሎ እንዳያርፍ ስለተደረገ ነው። ለውጭ ድርጅት ከቤታቸው የሚሠሩ ጓደኞች አሉን። አሠሪያቸው በማውስ እንቅስቃሴ ይለካቸዋል፣ ስለዚህ ማውስ የሚያንቀሳቅስ ዕቃ ወይም በየ59 ሰከንዱ ቁልፍ የተጫነ የሚያስመስለውን «ካፌይን» የሚባለውን ፕሮግራም ይጭናሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካው ባንክ ዌልስ ፋርጎ በኪቦርድ እየሠሩ በማስመሰል ከአሥር በላይ ሠራተኞቹን ማሰናበቱ ተዘግቧል። እኛ ሰውን በማውስ መለካት ሞኝነት ነው ባዮች ነን። ግን ያንኑ ላፕቶፕ ይዛችሁ ቡና ቤት ስትሠሩ፣ ሽንት ቤት ደርሳችሁ ስትመለሱ፣ ማሽኑ ለእናንተ ሲል እንደማይቆለፍ እወቁት። አሠሪውን ያታለለው ዕቃ ሌባውንም ያስገባል።

ወደ አለቆቻችን እንምጣ። «እዚህ ቢሮ ሁላችንም ቤተሰብ ነን፣ መቆለፍ ምን ያደርጋል» የሚሉ አሉ። ፓስወርዱ በቢጫ ወረቀት ስክሪኑ ግንባር ላይ የተለጠፈባቸው፣ ቁጥሩም ከ1 እስከ 6 የሆነባቸው ቢሮዎች የነሱ ናቸው። ጋሼ፣ እትዬ፣ አክብሮታችን እንዳለ ሆኖ፣ የቢሮው ሰው ቤተሰብ ነው እንበል። ፋይሉ ውስጥ ያለው ሰው ግን የእናንተ ቤተሰብ አይደለም። ብድር የጠየቀው ነጋዴ፣ የፋይዳ ቁጥሩን የሰጠው ደንበኛ፣ ውጤቷን የምትጠብቀው ተማሪ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው ልጅ ከእናንተ ጋር ቡና አልጠጡም። «የሚደበቅ ነገር የለኝም» የሚለውም ሰው እንዲሁ ነው። ወንድማችን፣ የአንተን ማን ጠየቀህ? ስክሪንህ ላይ ያለው እኮ የሌላ ሰው ነው!

ከእንግዲህ የመልካም ፈቃድ ጉዳይም አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ዓመተ ምሕረቱ በኛ አቆጣጠር ነው። የሰውን የግል መረጃ የሚይዝ ተቋም መረጃውን በቴክኒክም በአሠራርም እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ የጤና መረጃን ደግሞ ከፍ ያለ ጥንቃቄ ከሚፈልጉት ይመድበዋል። ተቋሞቻችን ለዚህ አዋጅ ሥልጠና ሊሰጡ፣ አዳራሽ ሊከራዩ፣ ባነር ሊያሠሩ ይችላሉ። እኛ ከባነሩ በፊት ካርድ ክፍሉ ያለውን ማውስ እዩልን እንላለን።

ለአይቲ ወንድሞችና እህቶችም የምንለው አለን። ሥራችሁ ከባድ፣ ጠሪያችሁ ብዙ እንደሆነ እናውቃለን። «ፎርማት አድርግልኝ» ብሎ የሚለምን ደንበኛም ሞልቷል፤ ጥያቄ የሚጠይቅ ባለሙያ ያልቻለ ይመስለዋል። ቢሆንም ከመታጠቡ በፊት አንድ ቃል ለባለኮምፒውተሩ ይገባዋል፦ ምን ሆኖ ነበር? «ማውሱ ነበር»፣ «ዩቲዩቡ ነበር»፣ «አልተሞላም ነበር»። ይሄን መመለስ የማይችል ሰው ሒሳብ ሲጠይቅ፣ የምትከፍሉት ለምን እንደሆነ ጠይቁት። መኪናችሁን ጋራዥ ስታስገቡ «ሞተሩን በሙሉ ቀየርኩት፣ ምን እንደነበረ ግን አላውቅም» የሚላችሁን መካኒክ እንደምታፋጥጡት አፋጥጡት።

እስከዚያው ግን ማንንም ሳትጠብቁ አንድ ነገር በእጃችሁ ነው። ከወንበራችሁ ስትነሱ የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ይዛችሁ ኤልን ተጫኑ። ስክሪን ሴቨሩ መጣም አልመጣም ያኔውኑ ይቆለፋል። ከዚያ ተመልሳችሁ ማውሱን ንቀሉና 1 ደቂቃ ቁጠሩ። የካርድ ክፍሏን ሠራተኛ እኛ ነግረናታል፤ ጠረጴዛዋ መስታወት ነው።